የባንኮኒው ቃለ ጉባኤ

«ለመላው የቤተሰባችን አባላት፤ ጉዳዩ፦ የወጥ ቤት ባንኮኒ ድንጋይ መረጣን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ቤተሰባችን እያስመዘገበ ካለው ዕድገት ጋር የሚመጣጠን ወጥ ቤት ለመገንባት ዕቅድ ተይዟል። በመሆኑም ግራናይት ወይስ ኳርትዝ በሚለው ወሳኝ ጥያቄ ላይ ከባለድርሻ አካላት ጋር ለመምከር ቅዳሜ መጋቢት 19 ቀን 2007 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ ጉባኤ ይካሄዳል። በዕለቱ ጠዋት የመስክ ጉብኝት ይኖራል። በሰዓቱ ያልተገኘ አባል በሚተላለፈው ውሳኔ እንደተስማማ ይቆጠራል። ከሰላምታ ጋር፣ ሲሞን ኤጀታ፣ ሰብሳቢ። ግልባጭ፦ ለአቶ ጎበና፣ ኋላ ክፍል።»

ማስታወቂያው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በኮብልስቶኑ ዳገት ላይ ባለ አንድ ግቢ፣ የማቀዝቀዣ በር ላይ በአናናስ ማግኔት ተለጥፎ ሁለት ቀን ሰነበተ። ሲሞን ኤጀታ በአንድ ቢሮ ውስጥ የለውጥ ሥራዎች አስተባባሪ ነው። ምን እንደሚለውጥ ሚስቱም አታውቅም፤ እሱ ግን ቢሮ የተማረውን ሁሉ ማታ ማታ እያመጣ ቤቱ ላይ ያራግፋል። የልጁን ውጤት በግምገማ፣ የሠራተኛዋን ሥራ በሳምንታዊ ሪፖርት ነው የሚከታተለው። አምና ውሻው ሲሞት እንኳ አላለቀሰም፤ ከውሻው አሟሟት የተገኘውን ተሞክሮ ቀምሮ ለቤተሰቡ አቀረበ። እንዲህ ያለ ሰው ድንጋይ ሲመርጥ ዝም ብሎ ሱቅ ሄዶ «ይሄኛውን» ይላል ብሎ የሚጠብቅ ሲሞንን አያውቀውም።

ግልባጩ በአቶ ጎበና በር ሥር ገባ። አቶ ጎበና የሲሞን አባት ታናሽ ወንድም ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊሾ ሲያለሰልሱ ስለኖሩ፣ ከቀበና እስከ ስድስት ኪሎ ካለው የድሮ ወለል ብዙውን ተንበርክከው ዞረውታል፤ ጉልበታቸውም እዚያው ወለሉ ላይ ቀርቷል። ይህንን ቤት ከሟች ወንድማቸው ጋር ነው የሠሩት፤ ካርታው ላይ አሁንም የሁለት ሰው ስም አለ፣ የእሳቸውና የወራሹ የሲሞን። ሲሞን ሲያገባ «ለጊዜው» ብለው ዋናውን ቤት ለሙሽሮቹ ለቀቁና ኋላ ወዳለችው ክፍል ገቡ። ጊዜው ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ክፍሏ ሦስት በአራት ናት፤ አልጋ፣ ሬዲዮ፣ እንጦጦን የሚያሳይ አንድ መስኮት። ከበሯ እስከ ቧንቧው አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ አንድም ደረጃ የለም። ከግልባጩ ጋር «አባሪ አንድ ገጽ» የተባለ የእድሳቱ ንድፍ ነበረ። በንድፉ ላይ የእሳቸው ክፍል በሰያፍ መስመር ተሸፍኖ መሃሉ ላይ «ማብሰያ» ተብሎ ተጽፏል። አቶ ጎበና ራሳቸውን ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

ክፍላቸው ማብሰያ የተባለው አዲሱ ወጥ ቤት ሊበሰልበት ስላልሆነ ነው። ጭስና ዘይት የሚነካው ድንጋይ ምኑን ድንጋይ ሆነ? ድንጋዩ ውስጥ ይቀመጣል፣ እንግዳ ያየዋል፤ ወጡ ደግሞ ጓሮ፣ በአቶ ጎበና ክፍል ይሠራል። ለአቶ ጎበና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶላቸዋል። ይህንን ሲሞን የነገራቸው ማክሰኞ ለት መኪናውን ሲያጥብ፣ ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወረዳው የእድሳት ፈቃድ የሚሰጠው ካርታው ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ፈርመው የተስማሙበት ወረቀት ሲቀርብ ነው። ያለ አቶ ጎበና ፊርማ አንድ ሸክላ አይነሳም። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት መስመር ጽፎ «ጋሼ፣ እዚች ጋ ይፈርሙልኝ» ይል ነበር። ሲሞን ግን ቃለ ጉባኤ ይሁን፣ ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ ይጽደቅ አለ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ የመስክ ጉብኝቱ ተጀመረ። ሲሞን ይነዳል፤ ጎኑ ሚስቱ ጵርስቅላ፤ ከኋላ አቶ ጎበናና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጃቸው ፊልሞና፣ የጉባኤው ጸሐፊ፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ማዳመጫ ሰክታ። ጵርስቅላ ኢንሹራንስ ነው የምትሠራው። ከኳርትዙ ወገን መሆኗን ማንም ያውቃል። የጸሎት ኅብረቷ ሦስት ረቡዕ በጉዳዩ ላይ ጸልዮ ለሁለት እህቶች ነጭ ነገር ታይቷቸዋል። ኳርትዙ ነጭ ነው። ከዚያ ወዲያ በእሷ በኩል ነገሩ አልቋል፤ ጉባኤው ሲሞን እንዳይከፋው ነው።

«ጋሼ፣ እንደ ባለሙያ እርስዎ የሚሉት ነው የሚወስነው» አለ ሲሞን በመስታወቱ እያያቸው። «ሃምሳ ዓመት በዘርፉ!»

«እኔ ሲሚንቶ ነው የማውቀው።»

«ያው ነው። ግንባታ ነው።»

ዳገቱን ወርደው ቀበና ድልድይ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋጋ። አቶ ጎበና ይህንን መዘጋጋት የጠበቁ ይመስላሉ። «ስለ አባዶው...» አሉ። «ጉልበቴ ፎቅ አይወጣም፣ ሲሞን።»

ሲሞን አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፊቱ በራ። ከዳሽቦርዱ ላይ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር አንሥቶ ወደ ኋላ አቀበለ። «ፊሉ፣ ጻፊ። ተግዳሮት፦ ጉልበት። መፍትሔ፦ በየፎቁ አረፍ እያሉ መውጣት። ፈጻሚ አካል፦ ጋሼ። የጊዜ ሰሌዳ...»

«ቀጣይነት ያለው ልበል?» አለች ፊልሞና።

«ቀጣይነት ያለው።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። አቶ ጎበና ጉልበታቸውን አዩት። መፍትሔ ያገኘ ጉልበት አይመስልም። መገናኛ አካባቢ፣ ለባቡሩ በተቆፈረው አፈር መሃል ሲዞሩ፣ «ቸርቼም እዚያው ቤታችን አጠገብ ነው፤ በእግሬ ነው የምሄደው» አሉ። ቸርቹም ተጻፈ፤ መፍትሔው አባዶ ያለ ቸርች ሆነ። ወሰን ሊደርሱ ሲሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ ለማንም እንዳልሆነ፣ «ሠፈሩ ያውቀኛል» አሉ። ሲሞን ትንሽ አሰበ። «ተግዳሮት፦ ትውውቅ» አለ። «መፍትሔ፦ መተዋወቅ።» አቶ ጎበና መስኮቱን ዘጉና ሌላ ምክንያት አላነሡም።

የድንጋይ ሱቁ ከሁለት ጋራዦች መሃል ነው። ትልልቆቹ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በብረት ላይ ተደግፈው፣ ከፊት ዋጋቸው ተለጥፎ፣ ስማቸው እንደሚጠራ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ግራናይቱ በካሬ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ፣ ኳርትዙ ስድስት ሺህ አንድ መቶ። ባለሱቁ ሙአዊያ ይባላል። ሁለቱንም ስለሚሸጥ፣ ደንበኛው የነካውን ነው የሚያመሰግነው። ሲሞን ግራናይቱን ሲነካ፣ «ይሄ የአገራችን ነው፣ ጌታዬ፣ አላህ ራሱ የሠራው!» አለ። ጵርስቅላ ኳርትዙን ስትነካ፣ «ይሄ ደግሞ የፋብሪካ ነው፣ እህቴ። አላህ ቀለም አያመሳስልም፤ ፋብሪካ ያመሳስላል» አለ። ሁለቱም በተነገራቸው ረክተው ቆሙ። አቶ ጎበና መዳፋቸውን ነጩ ድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ እንደ ታማሚ ግንባር ያዳምጡታል።

«ትኩስ ድስት ቢቀመጥበትስ?» አሉ።

«ኳርትዙ ላይ? ኧረ ፋዘር! ውስጡ ማጣበቂያ እኮ ነው፤ ቢጫ ይመታል።»

«ግራናይቱስ?»

«ድስቱን ይችላል። ዘይት ግን ይጠጣል። የወጥ ዘይት አንዴ ከጠጣ...» እጁን አወዛወዘ።

«እርድስ?»

«እርድ ለነጭ ነገር ጠላት ነው።»

«ሎሚስ?»

«ሎሚ ይቅር።»

«ታዲያ ምንድነው የሚቀመጥበት?»

ሙአዊያ ከልቡ አሰበ። ሐቀኛ ነጋዴ ነው። «ፍራፍሬ» አለ በመጨረሻ። «በሳህን ሆኖ።»

«ጋሼ ደግሞ!» አለች ጵርስቅላ እየሳቀች። «ማን ያበስልበታል? ምግቡማ የሚሠራው እርስዎ ክፍ...» ሳቋ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። «ውጭ ነው» አለች ቀስ ብላ። ሲሞን የዋጋውን ወረቀት እንደ አዲስ ማንበብ ጀመረ። ፊልሞና ሁለተኛውን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰካች። ከጎረቤቱ ጋራዥ የአንድ ሞተር ድምፅ ተነሥቶ፣ አስሎ፣ ጠፋ። አራቱ ዘመዳሞች በአራት የተለያዩ ድንጋዮች ፊት ቆመው አራት የተለያዩ ዋጋዎች አነበቡ።

ናሙና ሲቀበሉ ሙአዊያ ወደ አቶ ጎበና ጠጋ አለ። «ፋዘር የሙያው ሰው ነዎት አይደል? እጅዎ ይናገራል።»

«ሊሾ ነበር የምሠራው።»

«ሊሾ!» አለ ሙአዊያ፣ የሞተ ሰው ስም እንደሰማ። «እሱማ ድስቱንም፣ እርዱንም፣ ሎሚውንም ይችላል። የእናቴ ወጥ ቤት ሊሾ ነው።»

«ለምን አትሸጥም ታዲያ?»

«ማን ይገዛኛል? ሰው የሚፈራለትን ነገር ነው የሚገዛው፣ ፋዘር። ለሊሾ ምኑን ይፈራለታል?»

ሲመለሱ ቀበና ከጵርስቅላ ጓደኛ ከከይሪያ ቤት ገቡ። ይህ በፕሮግራሙ ላይ «የልምድ ልውውጥ» ተብሎ ተይዟል። ከይሪያ ግራናይት ካስገባች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ወጥ ቤቷ ጥቁር፣ አብረቅራቂና ቀዝቃዛ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ስስ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ላስቲኩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የላስቲክ ሎሚዎች። ምድጃው ከፋብሪካ የመጣበት ወረቀት አልተላጠለትም። ሲሞን ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ አየና እንደ ሬሳ ገላጭ ቶሎ መለሰው።

«አንድ ጭረት የለበትም፣ ማሻ አላህ» አለች ከይሪያ።

«ምን አብስለሽበት ነበር?» አሉ አቶ ጎበና።

ከይሪያ ሳቀች። «አባባ፣ እኔ ራሴ እዚህ የምገባው ለመወልወል ነው!»

ሻዩ ከጓሮ መጣ። ጓሮ ያለውን ማብሰያ ክፍል ልታሳያቸው ወሰደቻቸው፤ እሱ ሰው የሚኖርበት ይመስላል፤ ዱካ ላይ የተቀመጠች ልጃገረድ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ድስት ይንተከተካል፣ ግድግዳው በጭስ ቡናማ ሆኗል። በፊት ጋራዥ ነበር። መኪናው አሁን መንገድ ላይ ነው የሚያድረው፣ የራሱ ዘበኛ ተቀጥሮለት።

«ደግ አደረጋችሁ፣ መኪናውን ፎቅ ላይ አላወጣችሁትም» አሉ አቶ ጎበና። ሲሞን ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከይሪያ ምን እንደተባለ ስላልገባት እሷም ሳቀች።

ቤት ሲደርሱ ምሳ ደርሷል። የቤቱን ምግብ የምትሠራው ሠራተኛዋ ክብረት ናት። የምትሠራበት ባንኮኒ ደግሞ አቶ ጎበና ወንድማቸው በሕይወት ሳለ ያፈሰሱት ቀይ ሊሾ ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል፤ መሃሉ በእጅ ብዛት ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፤ ዳር ዳሩ ላይ አንድ ሁለት ቦታ ተሸርፏል። ክብረት ከምድጃው ያወረደችውን ድስት አንገቱን ይዛ ሊሾው ላይ ዱብ አድርጋ አስቀመጠች፤ አጠገቡ ቃሪያ ከተፈች፤ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠራረገችው። ይህንን ሁሉ ስታደርግ አንድ ጊዜም ወደ ባንኮኒው አላየችም። ምሳው ተበላ። ሲሞን በየመሃሉ ሰዓቱን ያያል፤ ከጉባኤው በፊት የሚነገር ማንኛውም ነገር ከአጀንዳ ውጭ ነው።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሁለቱ ናሙናዎች በሳህን ላይ መሃል ጠረጴዛ ላይ ቀርበዋል። ሲሞን ሰብሳቢ፣ ፊልሞና ከላፕቶፗ ጋር ጸሐፊ፣ ጵርስቅላና አቶ ጎበና አባላት። ክብረት በር ላይ እንድትቆም ተጠርታለች፤ ደረጃዋ «ድምፅ የሌላት ታዛቢ» ነው። ሲሞን የመክፈቻ ንግግር አደረገ። የአገር ውስጥ ድንጋይ መጠቀም የውጭ ምንዛሪ እንደሚያድን፣ እሱም በዚህ አቋም የግራናይት ደጋፊ እንደነበር አወሳ። ጵርስቅላ አንድ ጊዜ አየችው። ወዲያው ወደ ግለ ሂስ ተሻገረ፤ ለኳርትዝ የነበረው አመለካከት የተዛባ እንደነበር፣ በመስክ ጉብኝቱ ወቅት ራሱን እንዳረመ ገለጸ። ባለ ስድስት ሺህ አንድ መቶው ድንጋይ አሸነፈ ማለት ነው።

አቶ ጎበና እጃቸውን አወጡ። «ስለ ክፍሌ ነው።»

«ጋሼ፣ ሥነ ሥርዓት። የዛሬው አጀንዳ ድንጋይ ነው።»

«ክፍሉ መቼ ነው አጀንዳው?»

«ክፍሉ ለብቻው አጀንዳ አያስፈልገውም። እሱ የድንጋዩ ውጤት ነው።»

«እኔስ ጥያቄ አለኝ» አለች ክብረት ከበሩ። «ሽንኩርት የሚከተፈው የትኛው ላይ ነው?»

ፊልሞና ሳቋን በእጇ ከደነች። «ታዛቢ አስተያየት አይሰጥም» አለ ሲሞን፤ ክብረት ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ድስቷ ሄደች። ድምፅ ተሰጠ። ሦስት እጆች ለኳርትዝ ወጡ። የአቶ ጎበና እጅ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ሲሞን እንዳላየ አለፈውና «ቃለ ጉባኤው ይነበብ» አለ። ፊልሞና የታተመውን ወረቀት አንሥታ በፍጥነት አነበበች፦ «ውሳኔ አንድ፦ ነጭ ኳርትዝ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል። ውሳኔ ሁለት፦ ባንኮኒው ከመተከሉ በፊት የኋላው ክፍል ነዋሪ በሙሉ ፈቃዳቸው ክፍሉን ለማብሰያነት ለቀው...» እዚህ ላይ ድምፅዋ ወረደ። እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ ግን ለጉሮሮዋ ብቻ።

አቶ ጎበና መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሉ። ከሥር ያለውን ቀን አዩ። «መጋቢት 17 ይላል። ሐሙስ ነው የተሰበሰብነው?»

«ታይፒንግ ኤረር ነው፣ አባባ» አለች ፊልሞና።

ሲሞን ፈረመ። ጵርስቅላ ፈረመች። ፊልሞና እንደ ጸሐፊ ፈረመች። እስክሪብቶው ጠረጴዛውን ዞሮ አቶ ጎበና ጋ ደረሰ። እሳቸውም ከነጩ ናሙና ጎን አስተኙት።

«አልፈርምም» አሉ።

ከዚያ ሲሞን፣ ማመን ያቅታል እንጂ፣ ደስ አለው። ጥቁሩን ደብተር ከፈተ። «በጣም ጥሩ፣ ጋሼ። ግልጽነት ነው የምንፈልገው። ምክንያቱን እንያዘው።»

አቶ ጎበና ደብተሩን ተመለከቱ። ጉልበት እዚያ አለ፤ ቸርች አለ፤ ሠፈሩ አለ። ሦስቱም በየሣጥናቸው፣ በየመፍትሔያቸው ተዘግተው ተኝተዋል። አራተኛው መስመር በማስመሪያ ተሰምሮ፣ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

«ቀለሙ ከሆነ ወደ ግራናይቱ ልንመለስ እንችላለን» አለ ሲሞን።

«ሲሞን!» አለች ጵርስቅላ።

«ሦስተኛ ፎቅ ቢሆንስ? ሦስተኛ ፎቅ ልፈልግ?»

አቶ ጎበና መነጽራቸውን አወለቁ። ጵርስቅላ መሐረቧን አወጣች። «ምን በደልንዎት፣ ጋሼ? ይንገሩን እንጂ! በጌታ፣ ምን አጓደልንብዎት? ቴሌቪዥን እናስገባልዎታለን፤ እሁድ እሁድ እንመጣለን...» ወደ ሲሞን ዞረች። «እሁድ እሁድ እንሄዳለን አይደል?» ሲሞን እሁዱን ሊጽፈው እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አነሣ፤ ከዚያ የተግዳሮቱ ዓምድ ገና ባዶ መሆኑን አየ። መፍትሔ ከተግዳሮቱ ቀድሞ አይጻፍም።

«አባባ፣ ጀስት አንድ ሪዝን» አለች ፊልሞና በልመና። «አንድ ብቻ። ትንሽዬ።»

«ያለ ምክንያት የሚቀርብ ተቃውሞ በአሠራሩ የለም» አለ ሲሞን። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢሮው ወጥቶ የቤት ድምፅ ሆኖ ነበር። «ድጋፍ አለ፣ ተቃውሞ አለ፣ ተአቅቦ አለ፤ ለሁሉም ማብራሪያ አለው። ፈቃዱ እኮ በእርስዎ ምክንያት ነው የሚቀረው፣ ጋሼ። ለወረዳው ምን እላለሁ?»

አቶ ጎበና የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ተነሡ፤ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ጮኹ፤ ሰው ሁሉ ሰማው፤ ማንም አልጻፈውም። ወደ ጓሮው በር፣ ወደ አሥራ አንድ እርምጃቸው አመሩ። በወጥ ቤቱ ሲያልፉ ክብረት ለእራት የጣደችውን ድስት አውርዳ ሊሾው ላይ አስቀመጠችና መንገድ ለቀቀችላቸው።

ሲሞን ደብተሩን እንደያዘ ተከተላቸው። «ቢያንስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ባዶውን ተወው።»

«ምክንያት የለዎትም ማለት ነው?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አልነግርህም» አሉ አቶ ጎበና።